ግሱ መጨረሻ ላይ ሲቀር፦ የእንግሊዝኛ ቃላት ቅደም ተከተል ችግርና መፍትሄ

ድሬዳዋ ውስጥ እንግሊዝኛ የሚለማመዱ ሰዎችን በማግዝበት ጊዜ ደጋግሞ የሚያጋጥመኝ የቃላት እጥረት አይደለም። ተማሪው ቃሉን ያውቀዋል፤ የሚቸገረው የት እንደሚያስቀምጠው ነው።

ምልክት፦ ግሱ ወደ ኋላ ይቀራል

ቀፊራ በሚባለው የከተማው ገበያ ፍራፍሬ የምትሸጥ አንዲት ተማሪ «እኔ ትናንት ቀፊራ ማንጎ ሸጥኩ» ለማለት ፈልጋ «አይ የስተርዴይ ቀፊራ ማንጎ ሶልድ» አለችኝ። እያንዳንዱ ቃል ትክክል ነው፤ ተራው ግን የአማርኛ ነው።

ምክንያቱ ግልጽ ይመስላል፦ አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ሲያስቀምጥ እንግሊዝኛ ከባለቤቱ ቀጥሎ ያመጣዋል። በእኛ ከተማ ነገሩን የሚያከብደው ኦሮምኛም፣ ሶማልኛም፣ ሐረሪኛም በአብዛኛው ግሱን መጨረሻ ላይ ማድረጋቸው ነው፤ ስለዚህ ሦስት ቋንቋ አቀላጥፎ የሚናገር የድሬ ልጅ እንኳ በዚህ ረገድ ያለው ልማድ አንድ ብቻ ነው። ከዚህም የጠለቀ ምክንያት አለ። በአማርኛ «ውሻው ልጁን ነከሰው» ብንልም «ልጁን ውሻው ነከሰው» ብንልም የተነከሰው ልጁ ነው፤ «ን» የምትባለው ትንሽ ፊደል ሥራውን ሁሉ ትሠራልናለች። የእንግሊዝኛ ስም እንዲህ ያለ ምልክት ስለሌለው ነካሹ ከተነካሹ የሚለየው በቦታው ነው። «ዘ ዶግ ቢት ዘ ቦይ» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ሁለቱን ስሞች አቀያይረው ቢናገሩት ልጁ ውሻውን ነክሶት ያርፋል።

መፍትሄው በእጅ የሚሠራ ነው። የዓረፍተ ነገሩን ቃላት በየብጣሽ ወረቀት ይጻፉና በመጀመሪያ በአማርኛው ተራ ይደርድሯቸው። በድሬ ሙቀት ማራገቢያ ማጥፋት የማይታሰብ ስለሆነ በየብጣሹ ላይ ሳንቲም ያስቀምጡበት። ከዚያ «ሶልድ» የሚለውን አንስተው ከ«አይ» ጎን ያሳርፉት፤ ሌሎቹን አሁን አይንኩ። «አይ ሶልድ» ብለው በአንድ ትንፋሽ ከተናገሩ በኋላ ራስዎን በአማርኛ ይጠይቁ፦ ምን? «ማንጎ»። የት? «ኢን ቀፊራ»። መቼ? «የስተርዴይ»። ጊዜውን መጀመሪያ ላይ ማምጣትም ይቻላል፤ በግሱና በተሳቢው መካከል መሸጎጥ ግን አይቻልም። እኔ ከሰዋስው ሕግ ይልቅ በእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች እተማመናለሁ፤ ምክንያቱም ሰው በሚናገርበት ቅጽበት ሕግ አያስታውስም።

ምልክት፦ ባለቤቱ ይጠፋል

«ይዘንባል» የሚለው ቃል ባለቤቱን በውስጡ ስለያዘ ብዙዎች «ኢዝ ሬይኒንግ» ይላሉ። እንግሊዝኛ ከትእዛዝ በቀር ባለቤት ይፈልጋል፤ ባለቤት ባይኖርም እንኳ «ኢት» ቦታውን ይይዛል።

ምልክት፦ ጥያቄው ይምታታል

ከዚራ የድሬዳዋ ሰፈር ነው፤ «ከዚራ ትሠራለህ» በሚለው ውስጥ «ከዚራ»ን አውጥተን «የት»ን በቦታዋ ብናስገባ ጥያቄው አለቀ። ይህ ልማድ ነው «ዩ ዌር ወርክ?» የሚያሰኘን። በእንግሊዝኛ የጥያቄው ቃል ወደ ፊት ይወጣል፣ ረዳት ግሱም ከባለቤቱ ይቀድማል፦ «ዌር ዱ ዩ ወርክ?»። ይህን በሚገባ ያጠና ተማሪ ደግሞ ወደ ሌላኛው ጠርዝ ሄዶ «የት እንደሚኖር አላውቅም» ለማለት «አይ ዶንት ኖው ዌር ዳዝ ሂ ሊቭ» ይላል፤ ጥያቄው በሌላ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሲገባ ግን ተራው ወደ ተለመደው ተመልሶ «ዌር ሂ ሊቭስ» ይሆናል።

ምልክት፦ ረጅሙ ገለጻ ከስሙ ይቀድማል

«ከጅቡቲ የመጣው ባቡር» ስንል ባቡሩ የሚሰማው መጨረሻ ላይ ነው። «ቢግ ትሬን» እንደሚለው ያለ ነጠላ ቅጽል እንደ አማርኛው ስለሚቀድም፣ ተማሪው ረጅሙንም በዚያው መንገድ ሊያስኬደው ይሞክራል። እዚህ ላይ አማርኛውን ከኋላ ወደ ፊት ማንበብ ይረዳል፦ መጀመሪያ ባቡሩ፣ ቀጥሎ መምጣቱ፣ በመጨረሻ ከየት እንደመጣ፤ «ዘ ትሬን ዛት ኬም ፍሮም ጅቡቲ»። ብጣሾቹን እንደገና ያውጡና ይህንኑ በአምስት የራስዎ ዓረፍተ ነገሮች ይሞክሩ፤ ሲያነቡ የሚያደናቅፍዎት ካለ፣ ብዙውን ጊዜ «ዛት» ያለበት ብጣሽ ነው ቦታውን የሳተው።