የሲያትሉ «በሰዓት ስንት ነው?» እና የስቴቱ አማካይ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሲያትል አካባቢ አበሻ ሲገናኝ ወሬው ዞሮ ዞሮ «አንተ ጋ በሰዓት ስንት ነው?» ላይ ያርፋል። አንዱ ስልኩን ያወጣና በዋሽንግተን ስቴት «ዕቃ አምራች» የሚባሉትን ዘርፎች አማካይ የሰዓት ክፍያ ያሳያል። ሌላው በራሱ ቼክ ይናደዳል። ቁጥሩ ውሸት አይደለም። ግን ከመናደድ በፊት ውስጡ ማን ማን እንዳለበት ማየት ይበጃል።

ማን እንደተቆጠረ ሳያውቁ ራስን ማወዳደር። የአሜሪካ የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ «ዕቃ አምራች» የሚለው ሦስት ዘርፎችን ነው፦ ማዕድንና ግንድ ቆረጣን፣ ኮንስትራክሽንንና ማኑፋክቸሪንግን። ያኪማ ፖም የሚለቅም ሰው የለበትም፤ እርሻ እዚህ አይቆጠርም። ኬንት ውስጥ በሎጂስቲክስ ድርጅት መጋዘን ፎርክሊፍት የሚነዳውም የለም፤ እሱ አገልግሎት ሰጪ ከሚባለው ወገን ነው። የአውሮፕላን ፋብሪካው ኢንጂነርና ሥራ አስኪያጅ ግን «ሁሉም ሠራተኞች» በሚለው አማካይ ውስጥ አሉ። ከእነሱ ጋር ተደምሮ የተካፈለ ቁጥር የማንም ደመወዝ ላይሆን ይችላል። በያጅ ከሆኑ፣ በሥራ ዓይነት ተለይቶ የሚወጣውን የደመወዝ መረጃ ይፈልጉ። እዚያም ከአማካዩ ይልቅ ሚዲያኑን ይዩ፤ ግማሹ ሠራተኛ ከሱ በታች፣ ግማሹ ከሱ በላይ ነው የሚከፈለው።

ኦቨርታይምን እንደ ጭማሪ መቁጠር። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። ሬትዎ 24 ዶላር ነው እንበል። 40 ሰዓት ሲሠሩ 960 ዶላር ያገኛሉ። በሚቀጥለው ሳምንት 10 ሰዓት ኦቨርታይም ይጨምራሉ፤ እሱ በ36 ዶላር ስለሚታሰብ 360 ይመጣል። ጠቅላላው 1,320 ለ50 ሰዓት ሲካፈል 26.40 ይሆናል። አለቃዎ አምስት ሳንቲም አልጨመረም፤ አማካዩ ግን 10 በመቶ ወጥቷል! ስታቲስቲክሱም ኦቨርታይሙንና የማታ ሺፍት ተጨማሪውን አካቶ ነው የሚያሰላው። ስለዚህ የሰዓት ክፍያው ከፍ ያለ ሲመስልዎ አጠገቡ ያለውን አማካይ የሳምንት የሥራ ሰዓትም ይመልከቱ። ሁለቱ አብረው ከወጡ መጠርጠር ነው።

የኑሮ ውድነቱን መርሳት። እስከ ሰኔ 2022 በነበረው አንድ ዓመት የሲያትል አካባቢ ዋጋ በ10.1 በመቶ ንሯል። ያኔ ከ25 ዶላር ወደ 26.50 ያደገ ሰው ደስ ብሎት ይሆናል። ግን ባለበት ለመቆየት ብቻ 27.50 ገደማ ያስፈልገው ነበር። የሲያትል የዋጋ መረጃ በየሁለት ወሩ ይወጣል፤ የአገሩን ሳይሆን የከተማዎን ይውሰዱ።

በአንድ ወር ቁጥር መደምደም። ሚያዝያ 2020 የአገሪቱ አማካይ የሰዓት ክፍያ በአንድ ወር ከ1 ዶላር በላይ ዘሎ 30 ዶላር ደረሰ። ደመወዝ ተጨምሮ መሰለዎት? ከ20 ሚሊዮን በላይ ሥራ ጠፍቶ፣ ከሥራ የወጣው በብዛት ዝቅተኛ ተከፋዩ ስለነበር ነው።

ዋሽንግተን ውስጥ ደግሞ የ2024ቱን የቦይንግ አድማ ያስታውሱ። 33 ሺህ ገደማ ሠራተኞች፣ አብዛኞቹ በዚሁ ስቴት፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር መጀመሪያ ሥራ አቁመው ነበር። የደመወዝ ጊዜውን በሙሉ አድማ ላይ የነበረ ሰው አይቆጠርም። ስለዚህ የጥቅምቱ አማካይ የቀሩት ሰዎች አማካይ ነው። በዚያ ላይ መጀመሪያ የሚወጣው ቁጥር ኋላ ይታረማል። ለማወዳደር ካስፈለገ ጥቅምትን ከአምናው ጥቅምት ጋር ነው፤ ክረምትና በጋ ለግንባታ ሠራተኛ አንድ አይደለም።

ፐርሰንት መደመር። አድማው ሲያበቃ «በአራት ዓመት 38 በመቶ» ተባለ። ዝርዝሩ 13፣ 9፣ 9 እና 7 ነው። እያንዳንዱ የሚታሰበው ባለፈው ጭማሪ ላይ ስለሆነ መጨረሻ ላይ ከ43 በመቶ በላይ ይሆናል። ለአንዴ የተከፈለው የ12 ሺህ ዶላር ቦነስ ግን የሰዓት አማካዩ ውስጥ አይገባም፤ አሠሪው የሚከፍለው የጤና መድን ድርሻም እንዲሁ። አዲስ ሥራ ሲያወዳድሩ እነዚህን ለብቻ ጠይቀው ይያዙ።