ኮሮላ ላይ ኢንቴክ (የአየር ማስገቢያ) ቀይራችሁ ሚኒሞው (ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ የሚዞርበት ፍጥነት) አልረጋ ካለ

መኪናው በፈረንጆቹ 2003 የተሰራ 1.8 ኮሮላ ነው። የፋብሪካውን የዲፑራቶር (የአየር ማጣሪያ) ሳጥን አውጥተን ከገበያ የተገዛ ቱቦና ሾጣጣ ፊልተር ከገጠምን በኋላ ሚኒሞው ከፍ ዝቅ ማለት ጀመረ፣ ቼክ ኢንጂን በራ፣ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ሐረጎን ስወጣ ደግሞ ከከባድ መኪና ኋላ የነዳጅ ፔዳሉን ለቀቅ ሳደርግ ሞተሩ ይጠፋል፣ እዛ ዳገት ላይ ቤተሰብ ጭኖ መቆም በጣም ያስፈራል። ስካነር ሲሰካ ፒ0171 አለ፣ አየር በዝቶ ነዳጅ አንሷል ማለት ነው።

ካንዴላ ቀየርን፣ ትሮትሉን (ወደ ሞተር የሚገባውን አየር የሚከፍትና የሚዘጋውን) አጠብን፣ የፊልተሩ ዘይት ኤምኤኤፍ ሴንሰሩን (የሚገባውን አየር የሚለካውን) ነክቶት ይሆናል ብለን በራሱ ክሊነር አጸዳነው፣ ፋሼታዎቹን (የቱቦ ማሰሪያዎቹን) አጠበቅን፣ ኮዱ ይጠፋና ተመልሶ ይመጣል። ከፍታው ነው ያሉኝም ነበሩ፣ ግን ኤምኤኤፍ ያለው መኪና የገባውን አየር ለክቶ ስለሆነ ነዳጅ የሚሰጠው ከፍታውን ራሱ ያስተካክለዋል፣ ደግሞም ኮምቦልቻ ሜዳው ላይም ያው ነበር።

ችግሩ የተገኘው ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ክዳን ላይ ያለው መተንፈሻ ጋ ነው። ከገዛነው ቱቦና ፊልተር ጋር የመጣች ትንሽ ፊልተር ተሰክታበት ነበር። ሞተሩ እየሰራ እሷን ነቅዬ ቀዳዳውን በአውራ ጣቴ ስደፍነው ጣቴን ሳብ አደረገው፣ ሚኒሞውም ወዲያው ረጋ። በዛ የሚገባው አየር በፒሲቪ ቫልቩ (የሞተሩን የውስጥ ጭስ መልሶ እንዲቃጠል በሚያስገባው) አድርጎ ሞተር ውስጥ ይገባል፣ ሴንሰሩ ግን አልቆጠረውም። ትንሿን ፊልተር ትቼ የድሮውን የጎማ ቱቦ መለስኩና በሴንሰሩና በትሮትሉ መሀል የአየር ቱቦው ላይ ካለው ጫፍ ጋር በፋሼታ አሰርኩት፣ ከዛ ኮዱን አጠፋሁ። አሁን ሎንግ ተርም ፊዩል ትሪሙ (ኮምፒውተሩ የነዳጁን መጠን የሚያስተካክልበት ልክ) ከ10 ፐርሰንት በታች ነው፣ ሐረጎንም ሳይጠፋ ይወጣል። ቱቧችሁ ያ ጫፍ ከሌለው ሳትገጥሙት በፊት አስበጁለት።