ሃዋርድ የቱ ጋ ተሳሳተ?

ከወሎ የወጣ ኦፓል (የከበረ ድንጋይ) ኒውዮርክ ድረስ ሄዶ አንድ ቁማርተኛ ሲያሳብድ ማየት ከፈለጋችሁ "አንከት ጄምስ"ን እዩት። የሳፍዲ ወንድማማቾች ያዘጋጁት የ2019 (እ.ኤ.አ.) ፊልም ነው፤ ዋናው ተዋናይ አዳም ሳንድለር ነው። ሲጀምር ወሎ፣ ማዕድን ጉድጓድ ውስጥ ነን። እግሩ የተሰበረ ሠራተኛ ዙሪያ ሰው ሲጯጯህ፣ ሌሎች በግርግሩ ድንጋዩን ፈልቅቀው ያወጣሉ። የእኛው አቤል ተስፋዬም (ዘ ዊኬንድ) ራሱን ሆኖ ብቅ ይላል። መጨረሻውን ስለምናገር ያላያችሁት እዚህ ጋ አቁሙ።

ሳንድለር የሚጫወተው ሃዋርድ ኒውዮርክ 47ኛው ጎዳና ላይ ጌጣጌጥ ይሸጣል። የ100,000 ዶላር ዕዳ አለበት። አበዳሪውም ባዳ አይደለም፤ አማቹ አርኖ ነው።

የመጀመሪያው ስህተቱ አደራ መብላቱ ነው። የቅርጫት ኳስ ተጫዋቹ ኬቨን ጋርኔት ኦፓሉን ለጥቂት ጊዜ ሲዋስ፣ የሻምፒዮንነት ቀለበቱን መያዣ ሰጥቶት ይሄዳል። ሃዋርድ ቀለበቱን ወስዶ ሌላ ቦታ ያስይዝና በብሩ ይጫወታል። ቁማርተኛ ሲቸግረው የሰው ዕቃ "ለጊዜው" ይሆናል። የዕቁብ ብርም፣ የቤት ኪራይም እንደዚሁ "ለጊዜው" ነው የሚወጣው። "ነገ እመልሰዋለሁ" የሚለው ደግሞ ዋሽቶ አይደለም፤ ከልቡ ያምነዋል። ክፋቱ እዚያ ላይ ነው።

ሁለተኛው፣ ያልተሸጠ ዕቃን እንደ ጥሬ ብር መቁጠር። ሃዋርድ ኦፓሉ ሚሊዮን ዶላር ያወጣል ብሎ ደምድሟል። የጨረታ ቤቱ ግምት ግን ከዚያ በጣም ያነሰ ነው። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይኼ ነው። (የደላንታ ወገል ጤና ኦፓል ባሕርይም ደስ ይላል፤ ውሃ ውስጥ ሲከቱት ውሃውን ይጠጣና ቀለሙ ይጠፋል፣ ሲደርቅ ይመለሳል። ሃዋርድ ከኦፓሉ የጠበቀው ሚሊዮን ግን ጠፍቶ ቀረ።)

ሦስተኛው ቤቲንግ ቤት የሚያዘወትር ሁሉ የሚያውቀው ነው፦ ጨዋታ መደራረብ። ሃዋርድ የጋርኔት ቡድን ቦስተን ሴልቲክስ ያሸንፋል ብሎ ብቻ አይመድብም። የመጀመሪያዋን ኳስ ማን እንደሚያገኝ፣ ጋርኔት ስንት ነጥብና ሪባውንድ (ተስቶ የተመለሰ ኳስ መያዝ) እንደሚኖረው፣ ሁሉንም ያያይዘዋል። ኦዱ (የተመደበው ብር የሚባዛበት ቁጥር) ይባዛል፣ ሰውየው ይሰክራል። የሚባዛው ግን ኦዱ ብቻ አይደለም። አሥር ጨዋታ ያለበት ቲኬት ቆረጣችሁ እንበል። እያንዳንዱ የመሳካት ዕድሉ 70 በመቶ ቢሆን እንኳ፣ አሥሩም አብረው የሚሳኩበት ዕድል ከ3 በመቶ በታች ነው። ዘጠኙ ገብቶ አንዱ ሲያበላሽ ደግሞ "ለትንሽ ነው የተበላሁት" ይባላል። ለትንሽ አይደለም። ተበልተሃል።

ከሚስት ስለመደበቅ ብዙ አልልም። ሚስቱ ከእሱ ቀድማ ጨርሳዋለች።

አራተኛውን ስህተት የምንሠራው እኛ ተመልካቾቹ ነን። ሃዋርድ የተበላ ቁማርተኛ ነው ብለን እናዝንለታለን። ልብ ብላችሁ ካያችሁ ግን አንዴ ሲመድብ ግምቱ ልክ ነበር፤ አርኖ ነው ውርርዱን ያስቆመበት። የመጨረሻውንም ሦስቱንም ነገር ያገኘዋል፤ ከሚሊዮን ዶላር በላይ ይበላል! እኔ ፊልሙን የወደድኩት ለዚህ ነው። ሌላ ደራሲ ቢሆን አስከስሮ ያስለቅሰን ነበር። እዚህ ግን ችግሩ መበላቱ እንዳልሆነ ቁጭ አድርገው ያሳዩናል። ጋርኔት ኦፓሉን ገዝቶ በጥሬ ብር ከከፈለው በኋላ፣ አርኖ በሩ ላይ ነበር። ቆጥሮ ከፍሎት በዚያው መገላገል ይችል ነበር። እሱ ግን ብሩን በውሽማው በጁሊያ እጅ ወደ ካሲኖ ላከ፤ አርኖንና አብረውት የመጡትን ሁለት ጠብደሎች በሱቁ ድርብ በር መሀል ቆለፈባቸው፤ ጨዋታውንም ከፍቶ መጮህ ጀመረ። እነሱ በመስታወቱ ውስጥ ላባቸውን እየጠረጉ አብረውት ያያሉ።

ጨዋታው ሲያልቅ ሃዋርድ እየሳቀ በሩን ከፈተላቸው። ከጠብደሎቹ አንደኛው፣ ፊል፣ አንዲት ቃል ሳይናገር ፊቱን በጥይት መታው። ጁሊያ ብሩን ይዛ መንገድ ላይ ነበረች።