ለበረራ ሲሙሌተር ኮምፒውተር ኤስኤስዲ እንዴት እንደሚመረጥ

ኤስኤስዲ፣ ማለትም የሚሽከረከር ክፍል የሌለው ፈጣን የኮምፒውተር ዲስክ፣ ሊገዛ የሄደ ሰው ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው ሳጥኑ ላይ በትልቁ በተጻፈው ፍጥነት ላይ ነው። 7,000 ሜጋባይት በሰከንድ፣ 14,000 ሜጋባይት በሰከንድ። ለበረራ ሲሙሌተር ግን ይህ ቁጥር መጨረሻ ላይ ነው የሚታየው። ቅድሚያ የሚሰጠው ለስፋቱ ነው፤ ቀጥሎ ለዕቃው ጥራት። ገንዘባችሁ ውስን ከሆነ ደግሞ ይህ ቅደም ተከተል የበለጠ ያስፈልጋችኋል።

አንድ ነገር አስቀድመን እንጨርስ። ኤስኤስዲ ፍሬም፣ ማለትም በሰከንድ የሚታዩትን ምስሎች ብዛት፣ አይጨምርም። ቦሌ ልታርፉ ስትቃረቡ ምስሉ በሰከንድ 20 ፍሬም እየተንቀራፈፈ ከሆነ ጥፋቱን ፕሮሰሰሩ ወይም ግራፊክስ ካርዱ ላይ ፈልጉ። ኤስኤስዲ የሚያሳጥረው በረራው እስኪከፈት የምትጠብቁትን ጊዜ ነው። አዲስ መሬት ሲመጣ ምስሉ ያዝ ለቀቅ የሚያደርገውንም ይቀንሳል።

1. ሲሙሌተራችሁ ምን ያህል ቦታ እንደሚፈልግ አስሉ

በፈረንጆቹ 2020 የወጣው ማይክሮሶፍት ፍላይት ሲሙሌተር የሚጠይቀው ባዶ ቦታ 150 ጊጋባይት ነበር። የ2024ቱ ደግሞ 50 ጊጋባይት ይበቃኛል ይላል። ቀለል ያለ ይመስላል፣ ግን ነገሩ ወዲህ ነው፦ የቀረውን እየበረራችሁ ከኢንተርኔት ይስበዋል። ለዚህም ቢያንስ በሰከንድ 10 ሜጋቢት፣ ቢቻል 50 ሜጋቢት መስመር እንዲኖራችሁ ይመከራል። ዳታ በጥቅል እየገዛ ለሚጠቀም ሰው ይህ ራሱን የቻለ ወጪ ነው። እዚህ ላይ ኤስኤስዲው የሚያግዘው ሮሊንግ ካሽ በሚባለው በኩል ነው። ሲሙሌተሩ አንዴ ያወረደውን መሬት ዲስኩ ላይ ያስቀምጥና ስትመለሱ ከዚያው ያነበዋል። በ2020ው ላይ መነሻው 8 ጊጋባይት ብቻ ነው። ሁልጊዜ አንድ አካባቢ የምትበሩ ከሆነ ከሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ 50 ወይም 100 አድርጉት፤ ያንን ያህል ቦታም አስባችሁ ግዙ።

ሌላው ሲሙሌተር ኤክስፕሌን 12 ግን መሬቱን የሚያነበው ከዲስክ ነው። ሲጫን የምትፈልጉትን የዓለም ክፍል ብቻ መምረጥ ስለምትችሉ መነሻው ያን ያህል አያስፈራም። ቦታ የሚበላው በኋላ የምትጨምሩት የሳተላይት ፎቶ ነው። ብዙ ሰው ይህን የሚሠራው ኦርቶ4ኤክስፒ በተባለው ነፃ ፕሮግራም ነው። ፕሮግራሙ ምድርን አንድ ዲግሪ በአንድ ዲግሪ በሆኑ ታይሎች ይከፋፍላታል። የእኛን ከተማ እንይ። ቦሌ አየር ማረፊያ ከ9ኛው ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ ትንሽ ወደ ደቡብ ስለሆነ +08+038 (8 ዲግሪ ሰሜን፣ 38 ዲግሪ ምሥራቅ) በሚባለው ታይል ውስጥ ይወድቃል። ፒያሳ ግን ከመስመሩ በስተሰሜን ነው፤ ታይሉም +09+038 ነው። ወደ ምሥራቅ በሚያመራው 07 መንደርደሪያ ተነስታችሁ ወደ ግራ ስትታጠፉ ወዲያው ሁለተኛው ታይል ላይ ናችሁ። አዲስ አበባን ብቻ ለማየት ሁለት ታይል ያስፈልጋል ማለት ነው። ከቦሌ ባሕር ዳር በቀጥታ ብትበሩ መስመሩ 5 ታይሎችን ይነካል፤ በግራና በቀኝ መስኮት የሚታየው ሳይጨመር።

የአንዱ ታይል ክብደት በመረጣችሁት የዙም ደረጃ፣ ማለትም በፎቶው ጥራት፣ ይወሰናል። ዙሙ አንድ ደረጃ ከፍ ባለ ቁጥር የምስሉ ነጥቦች ብዛት 4 እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ አገሩን በሙሉ በከፍተኛ ዙም ልሥራ አትበሉ። አየር ማረፊያዎቹን ዙሪያ ብቻ ከፍ አድርጉ፣ ሌላውን ዝቅ።

ሂሳቡ ሲጠቃለል ለማይክሮሶፍቱ 1 ቴራባይት ይበቃል። ለኤክስፕሌን ከሳተላይት ፎቶ ጋር 2 ቴራ ግዙ። 1 ቴራው ዊንዶውስ ላይ 931 ጊጋባይት ሆኖ ቢታያችሁ ተሰረቅሁ አትበሉ፤ የአቆጣጠር ልዩነት ነው። ከዚያም ላይ ከመቶ 15 ያህሉን ባዶ ተዉለት፣ ኤስኤስዲ ጢም ብሎ ሲሞላ ይዘገያል።

2. ኮምፒውተራችሁ የሚቀበለውን እወቁ

ሳትገዙ በፊት ክዳኑን ክፈቱ፣ ወይም የማዘርቦርዱን ሞዴል ፈልጋችሁ መመሪያውን አንብቡ። የቆየ ማሽን ብዙውን ጊዜ የሚቀበለው ባለ 2.5 ኢንቹን ሳታ (የቆየውን የማገናኛ ዓይነት) ነው፤ ፍጥነቱ በሰከንድ 550 ሜጋባይት አካባቢ ላይ ይቆማል። አዲሶቹ ማስቲካ የሚያክለውን ኤም.2 ይቀበላሉ። የተለመደው መጠን 2280 ይባላል፤ ወርዱ 22፣ ርዝመቱ 80 ሚሊሜትር ነው። አንዳንድ ላፕቶፕ ግን አጭሩን ብቻ ነው የሚያስገባው።

ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው። ኤም.2 የቅርጹ ስም ነው። በዚያው ቅርጽ ሳታም አለ፣ ፈጣኑ ኤንቪኤምኢም አለ። ስሎቱ የትኛውን እንደሚቀበል ሳታረጋግጡ ከገዛችሁ ኮምፒውተሩ ዲስኩን ጭራሽ ላያየው ይችላል። በአንዳንድ ማዘርቦርድ ላይ ደግሞ ኤም.2 ሲሰካ አንድ ሁለት የሳታ ቀዳዳዎች ሥራ ያቆማሉ። መመሪያው ላይ ተጽፏል።

3. ፍጥነቱን ከሥራው ጋር አመዛዝኑ

ኤንቪኤምኢ ከማዘርቦርዱ ጋር የሚገናኝበት መስመር ፒሲአይኢ ይባላል፤ ቁጥሩ ትውልዱን ያመለክታል። ፒሲአይኢ 3 ኤንቪኤምኢ በሰከንድ እስከ 3,500 ሜጋባይት ገደማ ያነባል፣ ፒሲአይኢ 4 እስከ 7,000 ገደማ፣ ፒሲአይኢ 5 ደግሞ እስከ 14,000። አሁን አውሮፕላኑ ምን ያህል እንደሚፈልግ እናስላ። በ480 ኖት (በሰዓት 890 ኪሎሜትር ገደማ) ወደ ሰሜን የሚበር ጄት አንድ ዲግሪ ለማቋረጥ 7 ደቂቃ ተኩል ይፈጅበታል፣ ማለትም 450 ሰከንድ። ታይሉ 9 ጊጋባይት ነው ብንል፣ ሙሉውን ቢያነብ እንኳ በአማካይ በሰከንድ 20 ሜጋባይት ነው። ያንን ታዲያ አሮጌ ሃርድ ዲስክም ይችለዋል።

ታዲያ ሃርድ ዲስኩ ለምን ያንቀራፍፋል? ንባቡ በአማካይ ስለማይመጣ ነው። በሺህ የሚቆጠሩ ትንንሽ ፋይሎች በአንዴ ይጠየቃሉ፣ የሃርድ ዲስኩ መርፌ እያንዳንዱን ለማግኘት 10 ሚሊሰከንድ አካባቢ ይፈጅበታል። ኤስኤስዲ ላይ ይህ ከአንድ ሚሊሰከንድ አንድ አሥረኛ በታች ነው። ትልቁ ዝላይ ከሃርድ ዲስክ ወደ ማንኛውም ደህና ኤስኤስዲ መሻገሩ ነው። ከፒሲአይኢ 4 ወደ 5 መሄዱ በበረራ ላይ ብዙም አይታወቅም፤ ሙቀቱና ዋጋው ግን ይታወቃል። የእኔ ምርጫ ፒሲአይኢ 4 ነው። ማዘርቦርዱ 3 ቢሆን እንኳ ይሠራል፣ በ3 ፍጥነት ብቻ።

4. ውስጡን ጠይቁ

ሻጩን ወይም የአምራቹን ገጽ ሁለት ነገር ጠይቁ። አንደኛ፣ ቺፑ ቲኤልሲ (በአንድ ሕዋስ 3 ቢት የሚይዝ) ነው ኪውኤልሲ (4 ቢት የሚይዝ)? ኪውኤልሲ ይረክሳል፣ ነገር ግን ብዙ ጊጋባይት በአንዴ ሲጻፍበት መሀል ላይ ፍጥነቱ ይወርዳል። ታይል ለሚሠራ ሰው ይህ ያናድዳል። ሁለተኛ፣ ቲቢደብልዩ ስንት ነው? ይህ በዋስትናው ውስጥ ሊጻፍበት የሚችለው መጠን ነው። የሳምሰንግ 990 ፕሮ 1 ቴራው 600 ቴራባይት ነው፤ የክሩሻል ፒ3 1 ቴራው፣ ኪውኤልሲ ስለሆነ፣ 220 ነው። መብረር በዋናነት ማንበብ ስለሆነ 220ውም ቶሎ አያልቅም። የራሱ ድራም (ፈጣን ጊዜያዊ ማስታወሻ) ያለው ከተገኘ እሰየው፣ ከሌለው ከኮምፒውተሩ ራም ትንሽ የሚበደረውም ለዚህ ሥራ አያሳፍርም።

5. ስትገዙ ፈትሹ

4 ቴራ በ1 ቴራ ዋጋ ካገኛችሁ ዕድል አይደለም። ውስጡ 64 ጊጋባይት ሆኖ 4 ቴራ ነኝ የሚል ዕቃ በዓለም ገበያ ሞልቷል። ክሪስታልዲስክኢንፎ በተባለው ፕሮግራም ላይ ስንት ሰዓት እንደሠራና ምን ያህል እንደተጻፈበት እዩ። አዲስ የተባለው 3,000 ሰዓት ካሳየ መልሱት። ኤች2ቴስትደብልዩ የተባለው ፕሮግራም ደግሞ ዲስኩን በፋይል ሞልቶ መልሶ ያነባል፤ ውሸቱ እዚያ ይወጣል። ረጅም ሰዓት ይወስዳል፣ ግን ዕቃ ሳትጭኑበት ዛሬውኑ አድርጉት።

ዕቃው ቀላልና ትንሽ ስለሆነ ከዱባይ ወይም ከአሜሪካ የሚመጣ ዘመድ ኪሱ ከትቶ ያመጣዋል። ዋስትናው የተገዛበት አገር ብቻ የሚሠራ መሆን አለመሆኑን ግን አስጠይቁ፤ ደረሰኙንም አስልኩ።

6. ስኩት፣ ከዚያ አዛውሩ

ኮምፒውተሩን አጥፍታችሁ ገመዱን ንቀሉ። ኤም.2ውን ዘንበል አድርጋችሁ አስገቡ፣ ተጫኑት፣ በትንሿ ብሎን እሰሩት። ብሎኗ ከማዘርቦርዱ ጋር የምትመጣ ናት፤ የምትጠፋውም እሷው ናት። ሙቀት ማውጫ ብረት ካለው የፕላስቲክ ልጣጩን ማንሳት አትርሱ። ከዚያ ዊንዶውስ ላይ ዲስክ ማኔጅመንት ገብታችሁ ጂፒቲ የሚለውን የክፍፍል ዓይነት መርጣችሁ አስነሱት፣ በኤንቲኤፍኤስ ፎርማት አድርጉት።

ኤክስፕሌንን ከራሱ ድረ ገጽ የገዛ ሰው ፎልደሩን እንዳለ ገልብጦ መሥራት ይችላል። በስቲም የገዛ በስቲሙ በራሱ ያዛውረው። የማይክሮሶፍቱ ሮሊንግ ካሽም ወደ አዲሱ ዲስክ እንዲዞር ቦታውን ቀይሩ። መብራት ቶሎ ቶሎ የሚጠፋበት ሰፈር ከሆናችሁ ይህን ሁሉ የምትገለብጡት ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚያግዝ ባትሪ) ላይ ሆናችሁ ይሁን። የቤት ኤስኤስዲ በአብዛኛው ድንገት መብራት ሲሄድ እየጻፈ የነበረውን የሚያድንበት መጠባበቂያ የለውም።

አሮጌውን ሃርድ ዲስክ አትሽጡት። ለጊዜው የማትበሩባቸውን ታይሎች እዚያ አስቀምጡ። ስትፈልጓቸው ወደ ኤስኤስዲው መልሷቸው፣ ወይም ከሌላ ዲስክ ላይ ሾርትከት ሠርታችሁ የኤክስፕሌኑ ካስተም ሲነሪ ፎልደር ውስጥ አስገቡ፤ ኤክስፕሌን ሾርትከቱን ተከትሎ ያነበዋል።