ሚኒሞ አልረጋ ሲል፦ የቫኪዩም ቀዳዳ ፍለጋ

ምልክቱ

መብራት ይዟችሁ ቆማችኋል። የአርፒኤም (ሞተሩ በደቂቃ የሚዞረው ዙር) ቀስቱ ወደ 1,500 ይወጣል፣ 700 ይወርዳል፣ ተመልሶ ይወጣል። ሞተሩ ይንቀጠቀጣል፤ አንዳንዴም ድርግም ይላል። ነዳጅ ሰጥታችሁ ስትሄዱ ግን ምንም የለበትም። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ ካንዴላ ይቀይራል፤ ካልሆነ ደግሞ ቦቢና። እኔ ቀድሜ የምጠረጥረው አንድ ርካሽ የጎማ ቱቦ ነው።

ምክንያቱ

የቤንዚን ሞተር ሚኒሞ ላይ ሲሆን፣ ማለትም ነዳጅ ሳትሰጡት ሲዞር፣ የትሮትሉ (የአየር መግቢያው በር) ክዳን ሊዘጋ ትንሽ ነው የሚቀረው። ፒስተኖቹ ግን መሳባቸውን አያቆሙም። ስለዚህ በኢንቴክ ማኒፎልድ (አየሩን ለሲሊንደሮቹ በሚያከፋፍለው ቧንቧ) ውስጥ ያለው ግፊት ከውጭው አየር በጣም ያንሳል። ቫኪዩም የሚባለው ይኸው ነው፤ ፔዳሉን የሚያቀለው የፍሬኑ ሰርቮም የሚሠራው በእሱ ነው። ቱቦ ከተሰነጠቀ ወይም የማኒፎልዱ ጓርኒሲዮን (የመጋጠሚያው ማሸጊያ) ከተበላ፣ የአየር መለኪያው ሴንሰር ያልለካው አየር ሾልኮ ይገባል። ለዚያ አየር የተመደበ ቤንዚን የለም፤ ድብልቁ ይሳሳል። ነዳጅ ስትሰጡ ትሮትሉ ይከፈታል፣ ቫኪዩሙም ይቀንሳል። በዋናው በር ብዙ አየር ስለሚገባ የቀዳዳዋ ድርሻ ከቁጥር አይገባም። መንገድ ላይ ጤነኛ የሚመስለው ለዚህ ነው።

የናፍጣ መኪና ያላችሁ ይህን እለፉት። ብዙው የናፍጣ ሞተር በትሮትል አየር አይገደብም፤ ለፍሬኑም የራሱ የቫኪዩም ፓምፕ አለው።

ፍለጋው

ኮፋኖውን ክፈቱና አድምጡ። «ሽሽ» የሚል ድምፅ ካለ የቁራጭ ቱቦ አንዱን ጫፍ ጆሯችሁ ላይ አድርጋችሁ በሌላው ጫፍ ምንጩን ፈልጉ፤ እጃችሁን ግን ከፋኑና ከችንጋው (ከቀበቶው) አርቁ።

ከዚያ በቀጥታ ወደ ፒሲቪ ቱቦ ሂዱ። ከቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ክዳን ተነስቶ ወደ ማኒፎልዱ የሚገባው ነው። የዘይት ትነት ስለሚያልፍበት ጎማው ይላላል፤ የሚሰነጠቀውም ብዙ ጊዜ በማጠፊያው ሆድ፣ ዓይን በማያየው በኩል ነው። ማየት ብቻ አይበቃም። በጣታችሁ ዳብሱት፣ አጠፍ አድርጉት፤ ስንጥቁ አፉን ይከፍታል። ሌሎቹን ቱቦዎች ጨርቅ በጠቀለላችሁበት ፒንሳ አንድ በአንድ ቆንጠጥ አድርጉ። ሚኒሞው ከረጋ ቀዳዳው በዚያ መስመር ላይ ነው። የፍሬን ፔዳል ስትረግጡ ሚኒሞው የሚዛባ ከሆነ ሰርቮውን ጠርጥሩ።

ጋራዥ ውስጥ ካርቡራተር ክሊነር የሚነፉ አሉ። ይሠራል፤ ግን የጋለ ማርሚታ አጠገብ እሳት ነው። በጠርሙስ የሚነፋ ውሃ ለጓርኒሲዮኑ መጋጠሚያ ይበቃል፤ ውሃው ቀዳዳውን ለአፍታ ሲደፍነው ድምፁ ይለወጣል። የኤሌክትሪክ ነገር ላይ ግን አትንፉ።

ስካነር ካላችሁ የነዳጅ ማስተካከያውን (ፊውል ትሪም) ቁጥር ተመልከቱ፤ ኮምፒዩተሩ ምን ያህል ነዳጅ እየጨመረ ወይም እየቀነሰ እንደሆነ ያሳያል። ሚኒሞ ላይ በጣም ከፍ ብሎ 2,500 አርፒኤም ላይ ወደ ዜሮ ከተጠጋ የአየር ቀዳዳ ነው። ነዳጅ ሲሰጥ ጭራሽ ከባሰ ችግሩ ከነዳጅ ፓምፕ ወይም ከአየር መለኪያው ሴንሰር ሊሆን ይችላል።

የቫኪዩም ጌጅ ለሚጠቀሙ አንድ ነገር ልጨምር። መጽሐፍ ላይ ያለው ከ17 እስከ 22 ኢንች (የሜርኩሪ ኢንች) ለባሕር ጠለል ነው። በየ300 ሜትሩ ወደ 1 ኢንች ይቀንሳል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች እዚህ ከ10 እስከ 14 የሚያነብ ሞተር ደህና ነው። ቁጥሩን ብቻ አይቶ «ሞተሩ ይውረድ» የሚል አይጠፋም፤ አትስሙት።

መፍትሄው

ቱቦውን በልኩ ቀይሩ። ፕላስተርም ሲሊኮንም አይበረክትም። ተራ የውሃ ቱቦም አትግጠሙ፤ ሲሞቅ ይላላና ቫኪዩሙ ይጨፈልቀዋል። ጓርኒሲዮን ስትቀይሩ ብሎኖቹን ከመሃል ወደ ዳር በየተራ አጥብቁ።

መኪናው ባለ ካርቡራተር ከሆነ የሚኒሞ ብሎኑን እዩ። ችግሩን ለመሸፈን አንድ ሰው አጥብቆት ሊሆን ይችላል፤ ወደ ልኩ ካልመለሳችሁት ቀዳዳው ተደፍኖም ሞተሩ መጮሁን አይተውም።