የኮባልት ክሎራይድን ቀለም ከመለካታችሁ በፊት

በውሃና በኢታኖል (አልኮል) ድብልቅ የሟሟ የኮባልት ክሎራይድ ጨው የቀለም ንባብ ከቡድን ቡድን እየተለያየ ካስቸገራችሁ፣ ፈሳሾቹን ብቻ ቀድማችሁ ቀላቅሉና ወደ ክፍሉ ሙቀት እስኪመለሱ ጠብቁ። ጨዉን በዚያው ድብልቅ አሟሙ፤ አንገቱ ላይ መስመር ያለውን ብልቃጥም በእርሱው እስከ መስመሩ ሙሉ።

50 ሚሊ ሊትር ውሃና 50 ሚሊ ሊትር ኢታኖል ሲቀላቀሉ 100 አይሞሉም፤ 96 አካባቢ ላይ ይቆማሉ። ሁለቱን ደምራችሁ ካሰላችሁ በሊትር ያለው የጨው መጠን ከእውነተኛው ያንሳል። ሲቀላቀሉ ደግሞ ይሞቃሉ፣ ዋናው ጣጣም ይኸው ነው። ሙቀት ስድስት ውሃ የያዘውን ሮዝ ኮባልት አራት ክሎራይድ ወደያዘው ሰማያዊ ይገፋዋል፤ በተለይ ኢታኖሉ ሲበዛ ብልቃጡ ገና ለብ እያለ ከለካችሁ ሰማያዊው ያለ አግባብ ይደምቃል።

የቀለም ለውጡን በዓይን ለማሳየት ብቻ ከሆነ ግን ይህ ሁሉ አያስፈልግም።