የፖፕ አርት ፊት በስክሪን ፕሪንት፦ ከሙከራ ህትመት እስከ ቁጥር

አሜሪካዊው የፖፕ አርት ሠዓሊ አንዲ ዋርሆል በ1967 እ.ኤ.አ. ያወጣው የማሪሊን ሞንሮ ስብስብ 10 ህትመቶች አሉት፤ የስብስቡ እትም፣ ማለትም የተቆጠረው የቅጂ ብዛት፣ 250 ነው። እያንዳንዱ ህትመት 5 ስክሪን (ቀለም በጎማ ተገፍቶ የሚያልፍበት፣ በፍሬም የተወጠረ ጨርቅ) ወስዷል፦ አንዱ ለፎቶው፣ የቀሩት ለቀለሙ። ፎቶው ያው ሆኖ ቀለሙ ሲለወጥ ፊቱ የሌላ ሰው ይመስላል። የሙከራ ህትመት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፤ የቀለሙ ክርክር እትሙ ሳይጀመር ማለቅ አለበት።

40 ቅጂ ካሰቡ 60 ወረቀት ይቁረጡ፦ 40 ለእትሙ፣ 4 ለአርቲስቱ፣ 8 ለሙከራ፣ 8 ለብልሽት። ሙከራውን በርካሽ ወረቀት መሥራት ከንቱ ነው፤ ቀለሙን የሚመጥበት መጠን ስለሚለይ ውጤቱ ያታልላል።

ለጠፍጣፋ ቀለም በሴንቲ ሜትር 55 ክር ያለው ጨርቅ ይበቃል። ለፎቶው 90 ይሁን፤ ፎቶውን የሚሠራው ነጠብጣብ በኢንች 45 መስመር ይሁን፣ ነጠብጣቡ ያለበት ግልጽ ፊልምም ከክሩ 22.5 ዲግሪ ያዘንብል። ያለዚያ ነጠብጣቡ ከክሩ ጋር ተጋጭቶ ጉንጭና ግንባር ላይ የሞገድ ጥለት ያወጣል። ስክሪኑን ከወረቀቱ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ከፍ ያድርጉት።

በሙከራው ፈዛዛው ቀለም ይቅደም፣ የፎቶው ጥቁር ይከተል። ቀለሙን በሚዛን ቀላቅለው ግራሙን ከወረቀቱ ጀርባ ይጻፉ፤ በዓይን የተቀላቀለ ቀለም ሲያልቅ መልሶ አይገኝም። ፍርዱን ከደረቀ በኋላ ይስጡ፣ አክሪሊክ ሲደርቅ ይጠቁራልና። የከንፈሩ ቀይ ሆን ተብሎ 2 ሚሊ ሜትር ከወጣ ውበት ነው፤ ግን በ40ዎቹም ላይ እኩል ይውጣ።

የጸደቀውን ወረቀት «ይታተም» ብለው ማተሚያው አጠገብ ይስቀሉ፣ በየ10 ቅጂው ያስተያዩ። ነጠብጣቡ መሃል ላይ ከጠፋ ቀለሙ ክሩ ውስጥ ደርቋል፦ ከእያንዳንዱ ህትመት በኋላ ጨርቁን ሳይጫኑ በቀለም ይሸፍኑት፣ የቀለሙን መድረቅ የሚያዘገይ ማዘግያም ከ5 እስከ 10 በመቶ ይጨምሩ። ነጠብጣቡ ካበጠ ደግሞ ጎማው ደንዟል ወይም ግፊቱ በዝቷል።

በእርሳስ ከታች 1/40 እያሉ ይቁጠሩ። ቁጥሩ የህትመት ቅደም ተከተል አይደለም፤ ወረቀቶቹ በየቀለሙ መካከል ይቀላቀላሉ። ሙከራዎቹ «የሙከራ ህትመት 1/8» ተብለው ለብቻቸው ይቆጠራሉ። ዋርሆልም በ1980ዎቹ የሙከራ ህትመቶቹን ለየብቻ ቀለም ሰጥቶ፣ ቆጥሮ ይፈርምባቸው ነበር። የተበላሸው ይቀደድ፤ ፊርማው እንዳለቀም ስክሪኖቹ ምስሉ እስኪጠፋ ይታጠቡ፣ ካልታጠቡ 41ኛው ቅጂ ላለመውጣቱ ዋስትና የለም።